የእታገኝ የፊት ጥርስ

ሲግናል፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለዘሙሩድ፤

አሰላሙ አለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እናትሽንም ጉልበቷን ተሽሏታል። ከሶፍያ ከተማ የጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። የጥርስ ሕክምና ትምህርትሽን ጨርሰሽ ስትመለሺ ከእኔና ከገብረ ክርስቶስ ጋር በክሊኒካችን ልትሠሪ ማሰብሽ ደስ አሰኝቶኛል፤ ግን አስቀድመሽ ይህን ስሚ።

ባለፈው ጥር የኮተቤው እህል ነጋዴ አቶ አዱኛ ልጃቸውን እታገኝን ይዘው መጡ። ሠርጓ ስለደረሰ አንድ የፊት ጥርሷን ወርቅ እንድናለብስላት ፈለጉ። አየሁት፤ እንከን የሌለው ጥርስ ነው። ወርቁ እንዲገባ ዙሪያውን መሞረድ ግድ ነው፤ የተሞረደ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ አያድግም።

«ጤነኛ ጥርስ አልነካም» አልኳቸው። ተቆጥተው ወጡ።

ገብረ ክርስቶስ ሸኝቷቸው ተመለሰና፣ «ነጅሙ፣ እኛ እምቢ ብንል ሌላ ጋ ያስደርጉታል። ወንበሩ ባዶውን እየዋለ በምን እንኖራለን? አርብ ኑ ብያቸዋለሁ» አለኝ።

አርብ ጁምዓ ሰግጄ በቀጥታ መመለስ እችል ነበር። ከባለሱቁ ከከማለዲን ደጃፍ ተቀምጬ ስለ ስኳር መጥፋት ሳወራ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ስደርስ እታገኝ ወርቋን አድርጋ ስትወጣ አገኘኋት።

«እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር» አለችኝ፤ እኔን!

ባለፈው ወር ጉንጯ አብጦ ብቻዋን መጣች። ከወርቁ ሥር ጥርሱ ሞቶ መግል ቋጥሯል። አደንዝዤ ነቀልኩት። ከዚያ፣ «ይህ ጥርስ ሊነካ አይገባውም ነበር። ያን ዕለት አውቄ ነው የዘገየሁት» አልኳት።

ጥጡን እንደነከሰች ትክ ብላ አየችኝ። «ያኔ ለአባቴ ብቻ ነው የነገሯቸው። ለምን እኔን አልጠየቁኝም? ጥርሱ እኮ የኔ ነው!»

በማግስቱ ገብረ ክርስቶስን፣ «ከእንግዲህ ጤነኛ ጥርስ እዚህ አይሞረድም» ስለው፣ «እንግዲያው እንለያይ» አለኝ። የጥርስ ማከሚያው ወንበር የሱ ነበርና ወሰደው። እኔ በመንግሥት ጤና ጣቢያ ተቀጥሬያለሁ። ስለዚህ ልጄ፣ የምትመለሺበት ክሊኒክ የለም።

አላህ እጅሽን ይባርክልሽ፤ ከፊትሽ የተቀመጠውን ሰው ሳትጠይቂ ከመንካት ይጠብቅሽ። ከዚያ አርብ ገቢ በደረሰኝ ድርሻ ገዝቼ በሰው እጅ የላክሁልሽ ካፖርት ይሞቅሻል? ስለ እሱ ጽፈሽልኝ አታውቂም።

አባትሽ ነጅመዲን