ገመዱ ሲነቀል

አሶሳ፣ ጥር 14 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለኢዘዲን፣

እንደምን ከርመህ ይሆን? የቡና ጭነትህን ይዘህ በኩርሙክ ድንበሩን ከተሻገርክና ወዲያ ማዶ ተኩስ ከተጀመረ ወዲህ ይህችን ጥያቄ ለስንቱ መንገደኛ አስይዤ ላክሁ። አንድም መልስ አልመጣልኝም። ይህንንም ሹፌሩ አብዱልረሂም እስከ ድንበሩ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚቀበለው እሱም አያውቅም።

ደህና ነኝ እንዳልልህ መዋሸት አልችልበትም። ሥራ ግን አለ። እዚህ ወርቅ የሚገዛ አንድ ቤት ሚዛኑን ከኮምፒውተር ጋር እንዳገናኝለት ጠይቆኝ፣ በዩኤስቢ የሚያነጋግራቸውን ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ራሴ ጻፍኩለት። ከመንጌ ወርቅ አጥበው የሚመጡትን ታውቃቸው የለ፤ ዋጋው ካልጣማቸው ወርቃቸውን ከሚዛኑ ላይ ብድግ ነው። ያልተስማሙበት ክብደት እንዳይመዘገብ ደግሞ መዛኙ ኦልጅራ የሚዛኑን ገመድ ከኮምፒውተሩ ይነቅላል። በነቀለ ቁጥር ኮምፒውተሩ ድርቅ ይላል። "ያንቺ ማሽን ከሻጮቹ ብሶ ያኮርፋል" እያለ ሲስቅብኝ ከረመ።

በመጨረሻ ችግሩን አገኘሁት። ኮምፒውተሩ "ክብደቱን ንገረኝ" ብሎ ወደ ሚዛኑ ጥያቄ ይልካል፤ ለመልሱም ሜሞሪው ውስጥ ቦታ ይይዝለታል። ገመዱ ሲነቀል እኔ ጥያቄው ይሰረዝ ብዬ አዝዝና ቦታውን ወዲያው አስለቅቅ ነበር። ለካ ይሰረዝ ማለትና መሰረዝ አንድ አይደሉም። ጥያቄው ራሱ "ተሰርዣለሁ" ብሎ እስኪመለስ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ዘግይቶ ሲመጣ ቦታው ላይ ሌላ ነገር ያገኝና ሁሉንም ያበላሸዋል። አሁን መጀመሪያ አዲስ ጥያቄ እንዳይላክ እከለክላለሁ፣ የተላከውን እሰርዛለሁ፣ የተላከው ሁሉ እስኪመለስ እጠብቃለሁ። ቦታውን የማስለቅቀው ከዚያ በኋላ ነው። ትናንት ኦልጅራ ገመዱን ደጋግሞ ቢነቅለውም ማሽኑ ምንም አልሆነ።

ደስ ሊለኝ ሲገባ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። እዚያ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሚዛኑ ተነቅሎ ቢጠፋ እንኳ ጥያቄውን "የጠየቅሽው የለም" ብሎ የሚመልስ አለ። እኔ ያንን የሚለኝ እንኳ አጣሁ።

ባለፈው ሳምንት እናትህ ከመንጌ መጥተው ነበር። የፊታችን አርብ ሰደቃ ሊያወጡልህ ነው። ልብስህን ለድሆች እንድሰጥ፣ አልጋህንም ከቤት እንዳወጣ ነገሩኝ። "እማማ ነዕማ፣ መጀመሪያ መልስ ይምጣ" አልኳቸው። እጄን ይዘው፣ ያው ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" በሚለው አማርኛቸው፣ "ቢንቲ፣ ልጄ፣ አንተ ብዙ ጠበቅክ። ኢዘዲን ሞተ። እኔ እናቱ ነኝ፣ እኔ ነገርኩህ። ኸላስ፣ አለቀ" አሉኝ። የሳቸውም ወሬ ከእኔው አይበልጥም፤ ከድንበር ማዶ ምንም አልሰሙም። ቃሉን ያወጡት ለእኔ ሲሉ ነው። ማንም ያልሰጠኝን መልስ ከገዛ አንጀታቸው አውጥተው ሰጡኝ፣ እኔም ተቀበልኳቸው።

ሐሙስ ልብስህን ይዤ መንጌ እሄዳለሁ። ነጩን ጀለቢያህን አጥቤ ከላይ አድርጌዋለሁ። አልጋውን ጎረቤት ወስዶታል፤ ክፍሉ ባዶ ሲሆን እንዲህ ሰፊ መሆኑን አላውቅም ነበር።

በሕይወት ካለህ አላህ ካለህበት ይጠብቅህ፤ ከሌለህም ማረፊያህን ያስፋልህ። ሁለቱን ባንድ ላይ ስመርቅህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። የእስከ ዛሬ ደብዳቤዎቼ ደርሰውህ ከሆነ፣ ሁሉም የሚያልቁት "መልስህን እጠብቃለሁ" በሚል ነው። ይህኛው እንደዚያ አያልቅም።

ሀዊ