የፊት ቅባት ለሚያበጥር ጽሕፈት ቤት

«ስለ ፊት ቅባት ጥራት መጓደል ያቀረቡት አቤቱታ ደርሶን ተመልክተነዋል። ጉዳዩ ያለፈውን ዓመት የቅባት እህል ምርት የሚመለከት ሆኖ ስላገኘነው ለዘርፉ ባለሙያ መርተነዋል። ለወደፊቱ ምርትዎን ከማስረከብዎ በፊት ከባዕድ ነገር በሚገባ አበጥረው እንዲያቀርቡ እናሳስባለን።»

ለክቡር የሸማቾች ደኅንነት ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሰቆጣ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና በጠረጴዛዎ ላይ ሳይከፈቱ የሚከርሙትን ፖስታዎች ጤንነት እጠይቃለሁ። እኔ፣ የሚጠይቀኝ ባይኖርም፣ ደኅና ነኝ። ከላይ ቃል በቃል የገለበጥሁት መልስዎ በክብ ማኅተም ደምቆ ከደረሰኝ ወዲህ በባዶ ቤቴ ውስጥ ደጋግሜ የማነበው ነገር ስላገኘሁ፣ ውለታዎን በአደባባይ ላመሰግን ብዬ ይህን ደብዳቤ ከጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ወደ ውስጥ የሚገባ ወረቀት ሁሉ እህል እየሆነ ስለሚወጣ፣ ይኼኛው ውጭ ቢቀር ይሻላል በማለት ነው።

ቆም ብለው ለሚያነቡ መንገደኞች ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። እኔ በዚህች ከተማ አማርኛ የማስተምር ሰው ነኝ። ባለቤቴ ጥሩሐረግ ካረፈች ወዲህ ቤቱ የእኔና የልጄ የኤደን ነበር። ኤደን ለጓደኛዋ ለሙና ሠርግ ሚዜ እንድትሆን ተጠየቀች፤ ፊቷ ፎቶግራፍ ላይ እንዲፈካ ፈለገችና አፏ ሰፋ ያለች፣ መዳፍ የማትሞላ ብልቃጥ ገዛች። በብልቃጧ ላይ የተጻፈው በየትኛው አገር ፊደል እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ስለ ውስጧ የሚናገረው ወረቀት ደግሞ ተልጧል። በመጀመሪያው ሰሞን ቅባቱ የተባለውን አደረገ፤ ልጄ ፈካች፣ ሠርጉም አማረ። ከዚያ በኋላ ጉንጯ መቅላት፣ መላጥ፣ በመጨረሻም ጥላሸት እንደነካው ግድግዳ በየቦታው መጥቆር ጀመረ። አሁን ባሕር ዳር አክስቷ ቤት ሆና የቆዳ ሐኪም ትከታተላለች። ሐኪሙ ፀሐይ ላይ እንዳትወጣ ከልክሏታል፤ የአክስቷ ስም ጸሐይነሽ መሆኑን ሳስታውሳት ድሮ ቢሆን ትስቅ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁንልኝ። እኔ መዋቢያ የምኮንን ሰው አይደለሁም፤ ርካሽ መዋቢያንም አልጠላም። ከዚህ ደጋ ነፋስና ፀሐይ ጋር ለሚኖር ቆዳ፣ ከመድኃኒት መደብር የሚገዛው ርካሽ ግሊሰሪን ከብዙ ውድ ነገር ይበልጣል፤ የተሰነጠቀ ተረከዜን የያዘልኝ እርሱ ነው። ቫዝሊንም፣ ኩልም፣ የከንፈር ቀለምም በልካቸው ደግ ናቸው። ከጽጽቃ ወይም ከጋዝጊብላ ለገበያ የመጣች ልጅ በእጇ ባለው ሳንቲም አንድ ትንሽ ነገር ገዝታ በመስተዋት ፊት ደስ ቢላት፣ ደስታዋ ከማንም ባለጸጋ ደስታ አያንስም። የምጠይቀው ርካሹ ነገር እንዳያቃጥላት አንድ ሰው አስቀድሞ እንዲያይላት ነው። ያ አንድ ሰው ደግሞ፣ በበርዎ ላይ የተሰቀለውን ሰሌዳ ካመንሁ፣ እርስዎ ነዎት።

ወደ ምስጋናዬ ዝርዝር ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ንባብዎ አመሰግናለሁ። እኔ «የፊት ቅባት» ብዬ ጻፍሁ። ፊት የሰው ገጽ ነው፤ ፊት ደግሞ ቀድሞ ማለትም ነው። ቅባት የሚቀባ ነው፤ ቅባት የእህል ወገንም ነው። ይህን ለተማሪዎቼ አሻሚ ቃል እያልሁ ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ ሆኖም ከተማሪዎቼ መካከል፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ የሚያንቀላፋው እንኳ ሳይቀር፣ «የልጄ ጉንጭ ተላጠ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ስለ ኑግ ነው ያለኝ የለም። ከአቤቱታዬ ጋር ያስረከብሁትም ጆንያ አልነበረም።

ሁለተኛ፤ ባለሙያ ስለ ላኩልኝ አመሰግናለሁ። አቶ ምንዋጋው ትሑትና ሥራውን የሚያውቅ ወጣት ነው። ከበር ሲገባ «መምህር፣ ማሳው በየት በኩል ነው?» አለኝ። ወደ ኤደን ክፍል ወስጄ መስተዋቷን፣ ኩሏን፣ ክዳኑ የተሰበረውን ፓውደሯን አሳየሁት። «እኔ እኮ የተላክሁት ለተልባ ነው» አለ። እንዲያም ሆኖ ያለ ሪፖርት መመለስ እንደማይችል ነገረኝ፤ ስለዚህ ምርቱ እርጥበት በሌለበት፣ ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ እንዲቀመጥ፣ በመጪው ክረምትም በመስመር እንድዘራ የሚመክር ጽሑፍ አዘጋጅቶ አስፈረመኝ። ሻይ አፈላሁለት። ስለ ሰሊጥ ብዙ አጫወተኝ፤ ስለ ሰሊጥ ይህን ያህል ማወቅ እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ኤደን ከሄደች ወዲህ በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠ እንግዳ እርሱ ብቻ ነውና፣ ሲነሣ ከፋኝ፤ ስለ ኑግም የምጠይቀው እንዳለኝ ነግሬ ጥቂት አስቆየሁት። ክቡርነትዎ በስሕተት ያደረጉልኝን ያህል ሌላው ሰው ዐውቆ አላደረገልኝም።

ሦስተኛው ምስጋና ከሁሉም ይከብዳል፤ እርሱም ስለ ብልቃጧ ነው።

ሐኪሙ በቅባቱ ውስጥ ምን እንዳለ ማወቅ ይፈልጋል። ሜርኩሪ ከሆነ ሌላ ነው፣ ስቴሮይድ ከሆነ ሌላ ነው፤ ሕክምናው እንደዚያው ይለያያል፤ «በጨለማ አላክምም» ብሏታል። ኤደን የመጀመሪያዋ ስታልቅ ደግማ ገዝታ ሳትነካት የቀረች፣ እኔም ከአቤቱታዬ ጋር ያስረከብኋት ብልቃጥ ደግሞ የቀረችው የመጨረሻዋ ናት። ቅባቱን የሸጠላት ጎረቤቴ ዓብዱልቃድር የኤደንን ፊት ባየ ዕለት «መምህር፣ ሐሊሜም ልትቀባው አንዱን ለይታ አስቀምጣ ነበር እኮ!» ብሎ ጮኸ፤ የልጁን የሐሊሜን ጨምሮ ከመደርደሪያው ያለውን ሁሉ አውርዶ፣ ሰባብሮ ከአመድ ጋር ለውሶ፣ ከሱቁ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። ማኅተም አልነበረውም፣ ለማንም አልመራውም፣ ማንንም አላሳሰበም። ሌላ ፍለጋ በየመዋቢያ ሱቁ ስዞር ልጃገረዶቹ «መምህር ደግሞ በዚህ ዕድሜው ለማን ሊያምር ነው?» እያሉ ተሳሳቁብኝ። ጥያቄያቸው ከእርስዎ መልስ ይልቅ ከነገሩ ጋር የተገናኘ ስለ ነበር አልተቀየምኋቸውም፤ ቅባቱን ግን አላገኘሁም።

ብልቃጧ ዛሬ በጽሕፈት ቤትዎ ባለ መስተዋት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ በሰሊጥና በተልባ ናሙና መካከል፣ «የፊት ቅባት፣ ያለፈ ዓመት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባት በክብር ተቀምጣለች። ወደ ላቦራቶሪ እንድትላክ ስጠይቅ «ለእህል ገና ወረፋው አልደረሰም» ተባልሁ። እንግዲያው ትመለስልኝ፣ ራሴ ተሸክሜ ባሕር ዳር አደርሳታለሁ ስል «ናሙና አይመለስም» ተባልሁ። ናሙና የማይመለስበትን ምክንያት ስጠይቅ፣ ጥያቄዬን በጽሑፍ አድርጌ ለዘርፉ ባለሙያ እንዳቀርብ ተመከርሁ። አቶ ምንዋጋውን እንደገና ማየት ደስ ይለኛል፤ የልጄ ቀጠሮ ግን ጥቅምት 17 ነው።

ክቡር ሆይ፣ ስለ አንድ ነገር ብቻ ያለ ምስጋና ልጻፍልዎ። ኤደን ማታ ማታ በስልክ ትደውልልኛለች፤ በምስል ነው የምትደውለው፣ ምስሉ ግን የእርሷ አይደለም። ስልኩን አልጋው ላይ አጋድማ ታስቀምጠዋለች፤ እኔም የማየው የጸሐይነሽን ኮርኒስ ነው። ውኃ ፈስሶበት በጥጉ በኩል ቡናማ ሆኗል፤ አንዱ ጣውላ ተገንጥሏል። ያንን ኮርኒስ እያየሁ በላሽ ወይ፣ ተኛሽ ወይ እላታለሁ። አንዳንዴ እናቷ ትጠራት እንደነበረው በአገሯ ቋንቋ በኽምጣና እጠራታለሁ፤ ያን ጊዜ ኮርኒሱ ይነቃነቃል፣ ስልኩን አነሣችው ማለት ነው፤ ከዚያ ይዘጋል። በቋንቋችን ፊት ነሣኝ የሚባል አነጋገር አለ። እኔ በዚህ ዓመት በሁለት ሰዎች ፊት ተነሥቻለሁ፤ በልጄና በእርስዎ። የእርሷስ ምክንያት አላት።

ስለሆነም እስከ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም. የሥራ ሰዓት መጨረሻ ድረስ ከሁለቱ አንዱ እንዲደረግልኝ እጠይቃለሁ፤ ወይ በብልቃጧ ውስጥ ያለው ነገር ተመርምሮ በጽሑፍ ይሰጠኝ፣ ወይ ብልቃጧ ራሷ ታሽጋ ከመመለሻ ደብዳቤ ጋር ትሰጠኝ። መልሱ በጽሑፍ ይሁን። በቃል «እየታየ ነው» መባልን አልቀበልም፤ በዚህ ጉዳይ እስካሁን ያየ ሰው የለምና። የባሕር ዳር መንገድ እየተዘጋ እየተከፈተ ነውና፣ ክፍት በሆነ በመጀመሪያው ቀን አውቶቡስ ላይ እሆናለሁ።

ምርትዎን የሚያበዛ፣ ማኅተምዎን ከመድረቅ የሚጠብቅ፣ ወንበርዎን የሚያጸና አምላክ ዓይንዎንም አብሮ እንዲያበራልዎ እየለመንሁ፣ አንዲት ፍሬ ሰሊጥ ሳልዘራ በመዝገብዎ ገበሬ የሆንሁ፣ ከደጅዎ የማልታጣ አክባሪዎ፣

ይሄይስ ተስፋው
የአማርኛ መምህር

ግልባጭ፦
ለአቶ ምንዋጋው፣ ሻዩ አሁንም አለ፤
ለዓብዱልቃድር፣ ሥራውን ያለ ደብዳቤ ለሠራው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ብልቃጧን ያስረከብሁት እስከ አንገቷ ሞልታ፣ ላይዋ ልስልስ ብሎ ነው። ባለፈው ሰኞ በቁም ሣጥኑ መስተዋት ውስጥ ሳያት ወደ ግማሽ ወርዳለች፤ በቅባቱም ላይ የጣት ጭረት አለ። ጣቱ ቀጭን ነው፣ የእርስዎ አይደለም። ስሟን አልጠራም፤ በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ «መምህር፣ ይቀመጡ» የምትለኝ እርሷ ብቻ ናት፤ ቀስ ብዬ ልነግራት ስሞክር ግን ስለ እህል የማወራ መስሏት «ባለሙያው ይመጣል» አለችኝ። እንዳይቀጧት አደራ። ሰኞ ዕለት ጉንጯ ፈክቶ ነበር፤ በጣም አምሮባታል፣ ልክ ኤደን በሠርጉ ሰሞን እንዳማረባት። እንግዲህ የፊት ቅባት ማለት ምን እንደሆነ መዝገበ ቃላት መግለጥ አያስፈልግዎም፤ ከወረቀትዎ ቀና ይበሉና ከፊትዎ ያለችውን ልጅ ይመልከቱ።