ቀድሞ የሚያብበው

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣ ከነባለቤትህ ከነልጆችህ እንደምን ከረማችሁ? እኛ ደህና ነን እንላለን እንግዲህ።

ትናንት ከሐኪም ቤት ስንመለስ አባባ በአበባ ሻጩ በኩል እንለፍ አሉ። ከብርዱ በፊት ተተክለው በጸደይ የሚያብቡትን፣ ሽንኩርት የሚመስሉትን የአበባ ራሶች ሊገዙ ነው። እንደምታውቀው የእሳቸው ምርጫ ሁሌም መጨረሻ ላይ የሚፈካው ቀዩ ነው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እያሉ ቀድሞ የሚፈካውን የጎረቤትን ቢጫ አበባ ሲያሙ ነው የኖሩት። ሻጩም ልማዳቸውን ያውቃልና ሳይጠይቅ ቀዩን መቋጠር ጀመረ። አባባ እጁን ያዝ አደረጉትና «ከሁሉ ቀድሞ የሚያብበው የቱ ነው?» አሉት። ሻጩ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ቤት ስንደርስ ለማንም የማያስነኩትን መቆፈሪያ ለእኔ ሰጥተው በሩ ላይ ተቀመጡ። «ጫፉን ወደ ላይ አድርጊው፤ ከአልጋዬ ሆኜ በሚታየኝ በኩል» አሉኝ። ጎረቤታችን በአጥር አሻግሮ «ደግሞ ሽንኩርት ጀመራችሁ?» ሲለኝ ለወጉ እንኳ መሳቅ አቃተኝ።

ለባለቤትህና ለልጆቹ ሰላምታዬ ይድረስ። አበባው ሲፈካ እመጣለሁ ብለህ ጽፈህ ነበር። ወንድምዬ፣ አበባውን አትጠብቅ።

የምትናፍቅህ ታናሽ እህትህ