ልጅ አይቆጠርም

ለመጨረሻ ልጄ ለናትናኤል፣ ካለህበት ጆሃንስበርግ ይግባልኝ።

ልጄ፣ እንደምን ከረምክ? ያ ክፉ ሳልህ ለቀቀህ ወይ? ባለቤትህ ሲና እንዴት ናት? ሕፃኑስ ዳዴ ማለት ጀመረ ወይ? እኔ እናትህ አደይ፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ አካሌ ደህና ነው። አእምሮዬን ግን ፍርድ ቤት ወስዶታል። ታዲያ ይህን እብድ ጻፈችው እንዳትል፤ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል የቆጠርኩት እኔው ነኝ፣ እጄም የራሴ ነው።

ወንድምህ ዓብይ ጓሮውን መንጥሬ ፎቅ ልሥራበት ሲለኝ እንቢ እንዳልኩት ታውቃለህ። አባታችሁ የተከለው እንሰት ሳይደርስ አይነቀልም አልኩት። ፍርድ ቤት ሄደ። እናትህን ከሰስክ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ክስ አይደለም፣ አርጅታ ስለምትዘነጋ ሞግዚት ይሾምላት የሚል ማመልከቻ ነው አለኝ። አንድ ቀን እሳት ሳላጠፋ ገበያ መውጣቴ የሐኪም ወረቀት ላይ ሳይቀር ተጽፎ አገኘሁት።

ዳኛው ክፉ ሰው አይደሉም። እማማ እያሉ በቀስታ ጠየቁኝ። ዕለቱን ነገርኳቸው፣ የቤቴን ሰፈር ነገርኳቸው፣ የአባታችሁ ሙት ዓመት የሚውልበትን ቀን ሳይቀር ነገርኳቸው። እህትህ ሰላም ከኋላ ሆና በደስታ ስትስቅ ሰማኋት። ዳኛው መዝገቡን ሊዘጉ ሲሉ የዓብይ ጠበቃ ተነሥቶ፣ ስንት ልጆች እንዳሏት ትጠየቅልኝ አለ።

ሦስቴ ተጠየቅሁ። ስማቸውን ልጥራ ብል ቁጥሩን ብቻ ተባልኩ። እሱ ያውቃል ብዬ ወደ ላይ አየሁ። ሰላም ተነሥታ፣ እናቴ የማትቆጥረን ስለምትሳሳልን ነው ብትል፣ ምስክር አይደለሽም ተብላ ተቀመጠች። ዳኛው የልጆቿን ቁጥር አታውቅም ብለው አስጻፉ። ሞግዚቱ ማን ይሁን ሲባል ሰላም እኔ ልሁን ብላ ለመነች። እሳቸው ግን ዓብይ ታላቅ ነው፣ ውጭ ያለው ልጅም በእሱ ተስማምቷል ብለው አንተ የላክኸውን ወረቀት አነበቡ።

ዛሬ መታወቂያዬ ዓብይ ኪስ ውስጥ ነው። ፊርማዬ አይጸድቅም። እንሰቱ ሳይደርስ ተነቀለ። እኔ የጓሮዋ ክፍል ገብቻለሁ፤ ሐኪም ቤት ለመሄድ እንኳ እሱን አስፈቅዳለሁ። ባጎረስኩ ተነከስኩ። ይህንንም ቢሆን እችለው ነበር፤ ዓብይን ድሮም አውቀዋለሁ።

ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ባለፈው ሰንበት ዓብይ እየሳቀ፣ ያ ጥያቄ የናትናኤል ሐሳብ ነው አለኝ። የሐኪም ወረቀቱ ካልበቃ ስንት ልጅ አለሽ በሏት፣ ብትሞት አትመልስም ብለህ በስልክ ነገርኸው። ሕዝብ ቆጣሪዎች ደጃችን የቆሙ ዕለት ነጠላዬ ውስጥ ተሸጉጠህ፣ እማዬ ለምን አትነግሪያቸውም ያልከኝ አንተ ነህ። ምክንያቱን የነገርኩት ላንተ ብቻ ነበር። እናቴ በመስቀል ክትፎ ስታካፍል ልጆቼ ሰባት ብላ ቆጠረችን፤ ለከርሞው መስቀል ስድስት ሆነን በላን። ከዚያ ወዲህ ድርሻችሁን በስም እየጠራሁ እንጂ በቁጥር ሰጥቼ አላውቅም። አንተን ታመህ አታት ሆስፒታል ያስተኛሁህ ጊዜ፣ ነርሷ ስንተኛ ልጅሽ ነው ብትለኝ እንኳ አልመለስኩላትም። ድነህ ወጣህ።

ሲናን ሰላም በልልኝ። ሕፃኑን ዐይኑን ሳምልኝ፤ እሱ ምን አጠፋ። ወንድምህ ዓብይ ደህና ነው፣ የፎቁን መሠረት እያስቆፈረ ነው። እህትህ ደኅና ናት፤ በየማታው እየመጣች እግሬን ታጥበኛለች።

ዳኛው ለጠየቁኝ ሳልመልስ መቅረቴ ይከነክነኛል። ስለዚህ ዛሬ በጠራራ ፀሐይ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ፣ ልቦናዬ እንደበራ፣ ላንተ እመልስልሃለሁ።

አንድ፣ ዓብይ። ሁለት፣ ናትናኤል።

ሰላምን አልቆጠርኳትም።

እናትህ አደይ
ቡታጅራ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.