ባለ ሁለት ቀለበቱ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ከሰላምታው በፊት ክስ አለኝ። የላክሽልኝ ካልሲ ከመጠን በላይ ያምራል። እንዲህ ያለ ነጭ ካልሲ ለሽማግሌ አጎት ይላካል? አድርጌው መኪና ስር ገባሁና አሁን አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር ሆኗል። ጥፋቱ ያንቺ ነው። ለመሆኑ ጤናሽ እንዴት ነው? አዲሱ ሥራ፣ አዲሱ ከተማ ተስማማሽ? እኔ ዓይኔን ታክሜ ከሆስፒታል ተመልሻለሁ፤ ማየት የማልፈልገውን ሁሉ ሳይቀር አያለሁ።

መኪናዬን ሽጥልኝ፣ ከትዳሬ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት፣ እሷ ስትሸጥ ይለይለታል ያልሽውን አንብቤያለሁ። አልተከራከርኩሽም። ገዢ አገኘሁና፣ እስኪመጣ ዘይቷን ልቀይርላት ብዬ ተነሳሁ።

ዘይቱ እንዲቀጥን ሞተሩን አስነስቼ ሳሞቀው ከስር ይንዠቀዠቅ ጀመር። ቶሎ አጠፋሁት። መጀመሪያ የጠረጠርኩት የማፍሰሻውን ብሎን ነበር፤ ደረቅ ነው። ፊልትሮውን፣ የዘይት ማጣሪያውን፣ ስዳስስ ዙሪያውን ይንጠባጠባል። ላጠብቀው ብል ንቅንቅ አይልም። የገረመኝ ግን ሌላ ነው፤ አንቺ ስትሄጂ እንደ ሬንጅ የጠቆረው ዘይት አሁን ማር መስሏል! ፊልትሮውም አዲስ ነው። እኔ ሆስፒታል ሳለሁ አንድ ሰው ግቢዬ ገብቶ ዘይት ቀይሮ ሄዷል ማለት ነው። ሌባ ዘይት ይወስዳል እንጂ ይጨምራል እንዴ? ጎረቤቴን ብጠይቃት ሰውም አላየሁ፣ ሞተር ሲነሳም አልሰማሁ አለችኝ።

ፊልትሮውን በስንት መከራ ፈታሁት። የአሮጌው ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ፣ አዲሱ ከነቀለበቱ በላዩ ታስሯል። እንዲህ ከታሰረ ደግሞ ሞተሩ ሲነሳ ማፍሰሱ አይቀርም። ሳቄ አመለጠኝ። ይህን የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው። ባልሽን ዘይት መቀየር ያስተማርኩበት ቀን ትዝ ይልሻል? ግቢው ዘይት በዘይት ሆኖ፣ አንቺ ከሳቅ ብዛት ደረጃው ላይ ዘጭ ብለሽ፣ እኔም ‘ባለ ሁለት ቀለበቱ’ ብዬ ስም ያወጣሁለት? ለካ የግቢውን ቁልፍ አልመለሰልኝም።

ለገዢው ዘይት ታፈሳለች ብዬ ደወልኩለት፤ ሐሳቡን ቀየረ። አልዋሸሁም፤ ስነግረው ታፈስ ነበር። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ የሆድሽን ንገሪኝ፤ ያቺ መኪና እውነት...

በር ተንኳኳ። ቆዪኝ።

ተመለስኩ። እንግዳው እጅጌውን ሰብስቦ መኪናዋ ስር ገብቷል። በሩን ስከፍትለት እንደምን ዋሉ እንኳ ሳይል፣ ጋሼ፣ አሮጌዋን ቀለበት ያላወለቅኳት መሰለኝ፤ እንቅልፍ ነሳችኝ አለኝ።

ጣቱን አየሁ። እውነቱን ነው፤ አላወለቃትም።

ጤናና የሚረታ ልብ ይስጥሽ። ከእንግዲህ ካልሲ ስትልኪ ጥቁር ይሁን፤ ሁለት ጥንድም ይሁን።

ነገር ፈላጊው አጎትሽ