ስለ አንዲት ተለጣፊ ዓርማ፦ ለነጩ ችካል ማኅበር ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ ጀራልድ ፔንሃሎው፣
የነጩ ችካል የካራቫን ተጓዦች ማኅበር ሊቀመንበር፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ከርሟል እላለሁ። ጉልበትዎን ታክመው አሁን ያለ ምርኩዝ እንደሚራመዱ በማኅበሩ መጽሔት ላይ አንብቤ ከልቤ ተደስቻለሁ። መጽሔቱ አባልነታችን ካበቃ በኋላም ሳይታክት ደጃችን ይደርሳል፤ ከማኅበርዎ ዘንድ እስካሁን ያልተቋረጠብን እሱ ብቻ ስለሆነ እጅ እነሳለሁ።

ስሜ ዊኒፍሬድ ኦልድሮይድ ነው፤ የምኖረውም ስኪፕተን ነው። ባለቤቴ ክሊፎርድ ከጎልማሳነቱ ጀምሮ የማኅበርዎ አባል ነበር። አባላቱ ካራቫናቸውን፣ ያን ባለ ጎማ የጉዞ ቤት፣ በመኪና እየጎተቱ በአንድ መስክ ሲሰባሰቡ አስተናባሪው እሱ ነበር፤ እያንዳንዱ የሚቆምበትን ቦታ የሚያሳየውን ነጩን ችካል የሚተክለው፣ በካራቫንና በካራቫን መካከል ያለውን ርቀት የሚለካው፣ በመስኮቱ ላይ የማኅበሩ ዓርማ የሌለውን መንገደኛ «ይቅርታ፣ አባል ካልሆኑ አይገቡም» ብሎ በትሕትና የሚመልሰው እሱ ነበር። ዛሬ ክሊፎርድ የልጃችንን ስም አያውቅም። እኔም አንዳንድ ቀን እህቱ፣ አንዳንድ ቀን ነርስ እሆናለሁ። የማኅበርዎን ደንብ ግን አንዲት ነጥብ አልረሳም። እንዲህ ያለ አባል ስላፈራችሁ እንኳን ደስ አላችሁ እያልኩ፣ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፣ የትኛው ማኅበር እንደሚበጅ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። እስካለፈው የብርድ ወራት ድረስ የሁለት ማኅበር አባላት ነበርን፤ አንዱ የእርስዎ፣ ሌላው ስሙን የማልጠራው ትልቁ ማኅበር። ሁለቱን መያዝ ስለከበደን ሻይዬን ይዤ ተቀመጥኩና አወዳደርኩ። ትልቁ ማኅበር ሙቅ ሻወር አለው፤ የልብስ ማጠቢያ አለው፤ ጎማ ቢፈነዳ የሚደርስ ሰው አለው፤ ለመርከብ ጉዞም ቅናሽ አለው፣ ምንም እንኳ ክሊፎርድ ባሕር ተሻግሮ ባያውቅም። የእርስዎ ማኅበር ያለው ደግሞ የገበሬ መስክ ነው፤ ከአምስት ካራቫን በላይ የማይቆምበት፣ ከአንድ ቧንቧና ከአንድ የመጸዳጃ ማፍሰሻ በቀር ምንም የሌለው፣ ሰው ቁርሱን ሲበላ ላም በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ የምታይበት። ጤነኛ ሰው ሁሉ ሻወሩን ይመርጣል፤ እኔም መረጥኩ። ክሊፎርድም ከማኅበርዎ በወጣንበት ዕለት ዓርማችሁን ከካራቫናችን የፊት መስኮት ላይ በሙቅ ውሃና በምላጭ ፍቆ አነሳ። የእኛ ባልሆነ ምልክት መንገድ ላይ አንታይም አለ።

በበጋው ወደ ትልቁ ማኅበር ሰፈር ሄድን። የካራቫኑ ረድፍ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ክሊፎርድ ከሻወር ሲመለስ ጠፋብኝ። ያገኘሁት በማናውቃቸው ባልና ሚስት ካራቫን ውስጥ፣ ፎጣውን አንገቱ ላይ እንደጣለ፣ የሰውየውን ቋሊማ ሲበላ ነው። ሰዎቹ ጨዋ ስለነበሩ ሻይ ደግመውለታል። ከዚያ በኋላ ግን «ወደ ቤታችን ውሰጂኝ» እያለ እንደ ሕፃን አለቀሰብኝ። ቤት የሚለው ስኪፕተንን አይደለም። በኖርዘምበርላንድ ባሕር ዳር ያለውን የወይዘሮ ኢሶቤል ራተርን መስክ ነው፤ በየበጋው ስንሄድበት የኖርነውን፣ ለማኅበርዎ አባላት ብቻ የተፈቀደውን መስክ። እዚያ ቧንቧው የት እንዳለ ያውቃል፤ ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ ያውቃል። እዚያ ሲሆን ዊኒ ብሎ በስሜ ይጠራኛል። የምለምንዎት ነገር ሁሉ ይኸው ነው፤ ሌላው ጌጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ደንባችሁ ጥርስ ያለው ስለሆነ አመሰግናለሁ። ለወይዘሮ ራተር ደውዬ ጉዳዩን ብነግራት «አንቺ ደግሞ! ዝም ብለሽ ይዘሽው ነይ፤ ከላሞቹ በቀር ማን ያያችኋል?» አለችኝ። እባክዎ በዚህች ደግ ሴት ላይ ቅጣት አያስቡ፤ አባል ያልሆነ ሰው መስኳን አልረገጠም። በሩ ላይ ስንደርስ ክሊፎርድ ሊከፍት ወረደ። በሩን ግን አልከፈተም፤ ዞሮ ዓርማ የሌለበትን መስኮታችንን አየና ወደ እኔ መጣ። «ዊኒ፣ ተመለሽ። አባል አይደለንም እኮ» አለኝ። ለመንኩት። ወይዘሮ ራተርም ከውስጥ ሆና «ክሊፍ፣ አትቀልድ፣ ግባ እንጂ!» ብላ ጮኸች። «አንቺም ችግር ላይ ትወድቂያለሽ፤ ደንብ ደንብ ነው» አላት። ከዚያም በድንጋይ ካቡ መካከል ያለውን ያን ጠባብ መንገድ በእጁ ምልክት እየሰጠ ወደ ኋላ አስነዳኝ። ካራቫኗ አንድ ቦታ አልተጫረችም። በመስተዋቱ ሳየው እንባው በጉንጩ ላይ ይወርድ ነበር፤ እጁ ግን አልተሳሳተም።

ሦስተኛ፣ ስለ ስልክ አገልግሎታችሁ። ጄማ የምትባል ትሑት ልጅ፣ አባልነቱን ለማደስ ዋናው አባል ራሱ መናገርና የሚስጥር ቃሉን መስጠት እንዳለበት አስረዳችኝ። ሰውየው የመርሳት በሽታ እንዳለበት ብነግራት አዘነችና ቃሉን ለማስታወስ ጊዜ እንደሚሰጠው አጽናናችኝ። ስልኩን ሰጠሁት። ክሊፎርድ አዳመጣትና «ልጄ፣ የሚስጥር ቃላችንን ለማንም እንዳንናገር ማኅበሩ አስጠንቅቆናል» ብሎ ዘጋባት። ልክ ነበር። መጽሔታችሁ በየእትሙ እንደዚያ ይላል።

አራተኛ፣ በራሴ ስም አዲስ አባል ልሁን ብዬ አመልክቼ፣ የክሊፎርድ ስም ገና ከመዝገቡ ስላልተሰረዘ ከአንድ ቤት ሁለት ዋና አባል እንደማይመዘገብ፣ የእኛም ጉዳይ ኅዳር ላይ ለሚሰበሰበው ኮሚቴ እንደሚቀርብ ስለተገለጸልኝ አመሰግናለሁ። ወይዘሮ ራተር ግን መሬቱ ስለሚጨቀይ መስኳን በጥቅምት መጨረሻ ትዘጋለች። ሐኪማችን ደግሞ ስለሚመጣው በጋ ስጠይቀው ዓይኑን ወደ ወረቀቱ መለሰ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ብስኩት እንደሚቀርብ አውቃለሁ፤ ክሊፎርድ ነበር የሚገዛው።

ወንጀሌንም ልናዘዝ። ዓርማችሁን ከመጽሔቱ ሽፋን ላይ በመቀስ ቆርጬ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። ክሊፎርድ መነጽሩን አድርጎ ቀረብ ብሎ አየውና «ይሄ ከመጽሔት የተቆረጠ ነው። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ ያሳዝናሉ» አለኝ። ስለዚህ እውነተኛው ያስፈልገኛል።

ክቡር ሊቀመንበር፣ ትሕትናዬ እዚህ ላይ አለቀ። አባልነት አልጠይቅም፤ ቅናሽ አልጠይቅም፤ መጽሔቱንም ውሰዱት። አንዲት ተለጣፊ ዓርማ በፖስታ ይላኩልኝ። በመዳፍ የምትያዝ፣ ነጭ ችካል የተሳለባት። ባሌ በዚያ በር አልፎ ገብቶ ባሕሩን አይቶ በስሜ እንዲጠራኝ እፈልጋለሁ። አንድ ሳምንት ይበቃኛል። ቢያስፈልግ ዓርማዋን ፍቄ በክብር እመልሳለሁ፤ እንዴት እንደሚፋቅ ከእሱ አይቻለሁ።

ስለ ጉልበትዎ እየጸለይኩ፣ የኮሚቴዎንም ዕረፍት በማወኬ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ሻወሩን በመምረጤ ካገኘኝ ጸጸት እስካሁን ታጥቤ ያልነጻሁ የቀድሞ አባልዎ ሚስት ሆኜ እቀራለሁ፤

ዊኒፍሬድ ኦልድሮይድ
ስኪፕተን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ለእርስዎም ለከተማችን ጋዜጣም ልልክ ስወጣ ክሊፎርድ ደጃችን ላይ በቆመችው ካራቫን ውስጥ ነበር። እየዘነበ ስለሆነ ልገባ በሩን አንኳኳሁ። የበሩን የላይኛውን ግማሽ ብቻ ከፍቶ ከእግር እስከ ራስ አየኝና «እንደምን ዋሉ እመቤቴ፤ አባል ነዎት?» አለኝ። አይደለሁም አልኩት። በጣም አዘነልኝ። «እንግዲያው ላስገባዎ አልችልም። ግን አይሂዱ፣ እዚሁ ይቆዩ፤ ስለ እርስዎ ሊቀመንበሩን አነጋግራለሁ። ደግ ሰው ናቸው፣ እምቢ አይሉም» ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። እኔም እንዳለኝ ቆሜ እየጠበቅኩ ነው።