የሀዘንተኛው ዕቃና የልጄ ክፍል

ለተከበሩ አቶ እሱባለው፣
በጁባ የሙኑኪ ሰፈር እድራችን ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ከነመላው ቤተሰብዎና ከነሰፊው ቤትዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ምግብ ቤት የከፈትኩት ጎረቤትዎ በዛብሽ፣ ከልጄ ጋር በደንበኞች ጠረጴዛ መካከል ፍራሽ ዘርግቼ ከማደሬና ጎኔ እረፍት ከማጣቱ በቀር፣ በጸሎትዎ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ በእጅ ልሰጥ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የቀደሙት አቤቱታዎቼ መሳቢያዎ ውስጥ በሰላም ተኝተው እንደሚገኙ ስለማውቅ፣ ይኼኛው እንኳ ትንሽ አየር ያግኝ ብዬ ከምግብ ዝርዝሩ ጎን የምግብ ቤቴ በር ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ሠርፀ የተባለውን ጎልማሳ «የአገር ልጅ ነው፣ ሥራ እስኪያገኝ ሦስት ቀን አሳድሪው» ብለው ስላመጡልኝ አመሰግናለሁ። በግቢዬ ያለችውን አንዲት ትርፍ ክፍል ሰጠሁት። እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን አበው አልነገሩንም። ክረምቱ አልፎ በጋ ሲገባም ሠርፀ እዚያው ነበር። ኪራዩ ቀርቶብኝ የመብራቱን እንኳ እንዲያግዘኝ ስጠይቀው፣ በመጣ ሳምንት የለመዳትን «ማፊ ሙሽኪላ» እየደጋገመ ችግር እንደሌለ ያጽናናኝና ጥብሱን ይጠብቃል። በእርግጥም እሱ ዘንድ ምንም ችግር አልነበረም።

ሁለተኛ፣ ሰውን በጉልበት ማስወጣት ነውርም ወንጀልም ነውና ሕጉን ተከተልኩ። የአካባቢውን ሰው በባህል የሚዳኙት የሰፈሩ ሱልጣን በሩን እንዳልቆልፍበት፣ ዕቃውንም ደጅ እንዳልወረውር፣ ይልቁንም በቂ ጊዜ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ በምስክር ፊት በጽሑፍ እንድሰጠው መከሩኝ፤ እንዳሉኝም አደረግሁ። ጊዜው ባለቀበት ማለዳ እርስዎ ነጠላዎን አዘቅዝቀው መጡና የአጎቱን መርዶ ነገሩት። ግቢዬ ውስጥ ድንኳን ተተከለ፤ ለቀስተኛ መገብኩ፤ ሀዘንተኛ ከቤት አይባረርም ተባልኩ። ሁለተኛ ማስጠንቀቂያ ሰጠሁት። የዚያኛው ጊዜ ሲያልቅ ደግሞ እናቱ ሞቱ። ከአገር ቤት ደወለልኝ ያሉት ዘመድ ማን እንደሆነ ልጠይቅዎ አልኩና፣ መርዶን ማጣራት በእኛ ዘንድ ነውር ስለሆነ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን እኔም አምርሬ አልቅሻለሁ፤ የራሴ እናት ስትሞት እዚሁ ጁባ ነበርኩና አልቀበርኳትም።

ሦስተኛ፣ አርባው እንደወጣ ሠርፀ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይለኝ ወደ ኡጋንዳ ጠረፍ፣ ወደ ኒሙሌ ሄደ። ትቶልኝ የሄደው ከሲሚንቶ የተሠራ ክብደት ማንሻ፣ የማይዞር ማራገቢያና የማይዘጋ ሻንጣ ነው። በምስክር ፊት ዘርዝሬ በአደራ ላስቀምጠው ስዘጋጅ፣ እርስዎ «የሀዘንተኛ ዕቃ አይነካም» ብለው የእድሩን ጓጉንቸር በሩ ላይ አንጠልጥለው ቁልፉን ኪስዎ ከተቱት። ልጄ ዝማሬ አክስቷ ዘንድ ስታድግ ሳላያት ኖሬ፣ አሁን ገና ከእኔ ጋር ልትኖር መጥታለች። ክፍሏ ያቺ ነበረች። ደንበኛ ለቁርስ ሲመጣ ፍራሿን ጠቅልላ ትነሳለች። በቀደም ወደ አክስቷ ብትመለስ ይሻል እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ስለዚህ ቁልፉን ይዘው፣ ሁለት ምስክር አስከትለው እንዲመጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ሱልጣኑም ተስማምተዋል። ዕቃው ይዘረዘራል፤ ይፈረምበታል፤ ባለቤቱ እስኪመጣም ሰፊው ሳሎንዎ ውስጥ በክብር ይቀመጣል። ሲሚንቶውን ጠዋት ጠዋት ቢያነሱት ለጤናዎ ይበጃል።

የእርስዎን ደግነት በራሷ ቤት ስትፈጽም የኖረች፣ ደግነትዎ አንድ ቀን ከገዛ ደጃፍዎ እንዲጀምር ዘወትር የምትጸልይ ታዛዥዎ፣

በዛብሽ

ግልባጭ፦
ለሰፈሩ ሱልጣን
በደጄ ለሚያልፍ ሁሉ

ማሳሰቢያ፦ ዋናውን ነገር ረስቼው። ትናንት የምግብ ቤቱ ስልክ ጮኸና ባነሳው፣ የሠርፀ እናት እማማ አምለሰት ናቸው፤ እነዚያው አርባቸውን ያወጣንላቸው። ቁጥሩን እሱ ሰጥቷቸው ኖሯል። የልጃቸው ድምፅ ጠፍቶባቸው ጭንቀት አላስቀምጥ ስላላቸው ቅዳሜ በአውሮፕላን ይመጣሉ። የት እንደሚያድሩ ሲጠይቁኝ የእርስዎን ቤት ነገርኳቸው። ድንኳን ተክለን እንዳለቀስንላቸው ለመናገር ግን አንደበቴ አልደፈረም፤ መርዶ መንገር የለመዱት እርስዎ ነዎትና፣ መሞታቸውን እርስዎ ይንገሯቸው።